በጭጋጉ ውስጥ የተዘረጉት ክሮች

አንድ ጊዜ፣ ጭጋግ ከሣሩ ላይ የማይነሣበት አንድ ሸለቆ ነበረ። ፀሐይ እዚያ የምትወጣው በነጭ ሻሽ እንደተጠቀለለች ነው፤ ዛፎቹም የቆሙ ሳይሆን የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። በዚህ ሸለቆ ውስጥ እንስሳት ተሰባስበው የጨውና የማር ንግድ ቤት ከፈቱ። አንበሳ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ኤሊ መጋዘኑን ያዘች፤ አህያ ጭነት ያመላልሳል፤ ድኩላ ከደንበኞች ጋር ትነጋገራለች፤ ቀበሮ ዕቃ ይገዛል። በሩን ለጅብ ሰጡት፤ ድምፁ ሌባ ያስፈራል ብለው ነው።

የሥራ ቦታቸው የተራራቀ ነበር። በዚያ ጭጋግ ደግሞ መንገድ ወጥቶ መፈላለግ ከባድ ነው። ስለዚህ አንድ ረጅም ሐረግ ከዛፍ ዛፍ እያዞሩ ሁሉንም ቤት አገናኙበት። በአንዱ ጫፍ የተነገረ ቃል ከቅጠል ወደ ቅጠል እየተንሾካሾከ ሁሉም ጋ ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ድኩላ ጠዋት «እንደምን አደራችሁ» ስትል መላው ሸለቆ በእንቅልፍ ልቡ ፈገግ ይላል።

ንግዱ ሲሰፋ ግን ድምፆቹ መጋጨት ጀመሩ። አንድ ቀን አህያ «ጨዉን ወደ ወንዙ ልወስድ ነው» ሲል፣ በዚያው ቅጽበት ድኩላ «ማሩን ለዝንጀሮዎች አውጪላቸው» አለች። ሁለቱ ቃላት ሐረጉ ላይ ተደባለቁና ኤሊ ጋ የደረሰው «ማሩን ወደ ወንዙ አውጪ» የሚል ሆነ። ኤሊ ታዛዥ ናት። እንስራዎቹን አንድ በአንድ እየገፋች ወንዙ ዳር አሰለፈቻቸው፤ ተዳፋቱ ላይ ስለነበሩ ተንከባልለው ገቡ። ያን ቀን ወንዙ ጣፋጭ ሆኖ ዋለ።

አንበሳ ሁሉንም ሰብስቦ እንዲህ አለ፦ «ድምፃችሁ ከተጋጨ ሁለታችሁም ዝም በሉ። ጥቂት ጠብቃችሁ እንደገና ሞክሩ።» እነሱም ዝም ይላሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይሞክራሉ፣ እንደገና ይጋጫሉ። ሥራው በመጠበቅ አለቀ።

የባሰው ነገር ሌላ ነበር። አያ ጅቦ በሩ ላይ ተጋድሞ፣ ለእሱ የተላከውንም ያልተላከውንም ሁሉ ይሰማ ነበር።

አንድ ጠዋት ድኩላ ሐረጉን ወደ አፏ አስጠግታ ለአህያ አንሾካሾከች። «ጋሼ፣ ዛሬ ሥራ አልገባም። ወልጃለሁ። ግልገሌን ምንጩ አጠገብ፣ ጥዱ ሥር አስተኝቼዋለሁ። ስታልፍ ትንሽ ጨው ጣል አድርግልኝ።»

ጅብ ይህን ሰምቶ በሩን ክፍት ትቶ ሄደ። አህያ ከነጨው ከረጢቱ ምንጩ ጋ ሲደርስ፣ አንድ ጎባጣ ጀርባ በጭጋጉ ውስጥ ጥዱን ሲዞር አየ። ከረጢቱን ጥሎ ባለ በሌለ ድምፁ አናፋ። አንበሳ እየሮጠ መጣ።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው ጅብን።

«ውሃ ጠምቶኝ ነው፣ ጌታዬ» አለ ጅብ፤ ደረቅ አፉን እየላሰ።

ግልገሉ አልተነካም፤ ውሃ መጠጣትም ወንጀል አይደለም። አንበሳ ተቆጥቶ ለቀቀው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ድኩላ መናገር አቆመች። «የምለውን ሁሉ ሁሉም ይሰማዋል» አለች። እሷን አይተው ሌሎቹም ዝም አሉ። ሐረጉ ላይ ጤዛ ብቻ ተንጠባጠበ፤ ደንበኞች ጭጋጉ ውስጥ ቆመው ጠብቀው ጠብቀው ተመለሱ።

በዚህ ጊዜ ሸረሪት ከአንድ ዋርካ ላይ በክሯ ወርዳ አንበሳ ፊት ተንጠለጠለች። በሥራዋ የምትኮራ ነበረች።

«ሐረጉን ቁረጡት» አለች። «ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን ክር እዘረጋለሁ። የክሮቹ ሁሉ ጫፍ እኔ ጋ ይሆናል። አንዱ ለሌላው ሲናገር እኔ እቀበልና መልእክቱ ለሚገባው ክር ብቻ አሳልፋለሁ።»

«ማን የት እንዳለ በምን ታውቂያለሽ፣ እመት ሸረሪት?»

«የተናገረ ሁሉ የራሱን ስም ይጠራል። የትኛው ክር እንደተንቀጠቀጠ አይቼ እይዘዋለሁ። ቦታውን የማላውቀው ሲፈለግ፣ ያን ጊዜ ብቻ ሁሉንም ክር እጠይቃለሁ፤ ሲመልስልኝ ቦታውን አውቃለሁ።»

«ሁለት እንስሳት አንድ ላይ ቢናገሩስ?»

«ክራቸው ለየብቻ ነው። ምን አገናኛቸው?»

ሸረሪት ክሮቹን ዘረጋች። ጭጋጉ ጥቃቅን ጠብታዎቹን ሰካባቸው፤ ሸለቆው የብርሃን መንገዶች የተሠሩበት መሰለ። አህያ ከኤሊ ጋር ሲነጋገር፣ በዚያው ሰዓት ቀበሮ ከአንበሳ ጋር ይነጋገራል፤ አንዱ የሌላውን አይሰማም። ድኩላም ቀስ በቀስ ድምፅዋን አገኘች።

ጅብ ክሩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዋለ። ምንም የለም። ተክዞ ቀበሮ ጋ ሄደ።

«ሁሉም ዝም ብሏል» አለው።

«ዝም አላሉም፤ ለአንተ አይናገሩም እንጂ» አለ ቀበሮ። «ሸረሪት የተነገራትን ስም ታምናለች። አህያ ደግሞ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው። አህያ ነኝ በላትና ቦታ ቀይሬያለሁ በላት። ከምታገኘው ግን ድርሻዬን ትተውልኛለህ።»

ጅብ ድምፁን አለስልሶ ክሩ ላይ «እኔ አህያ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ያለሁት በዚህ ክር ነው» አለ። ሸረሪትም አመነችው። የአህያን ስም ከድሮው ክር አንሥታ በበሩ ክር ላይ አኖረችው።

ብዙም ሳይቆይ ድኩላ ተናገረች። «ጋሼ፣ ግልገሌን ወደ ላይኛው ዋሻ ላዛውረው ነው። የወንዙ መልካ ላይ ጠብቀን፤ ብቻዬን እፈራለሁ።»

«እሺ እህቴ፣ እጠብቃችኋለሁ» አለ ጅብ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ ሆዱ ግን አላስቻለውም። «ግልገሉ ወፍሯል?»

ድኩላ ጠረጠረች። አህያ ስለ ልጇ ሲጠይቅ «ተኛልሽ?» ነበር የሚለው። ወዲያው ሸረሪትን ጠራች። «እመት ሸረሪት፣ አሁን ያናገረኝ በየትኛው ክር ነው?»

ሸረሪት እግሯን ዘርግታ ዳሰሰች። «በበሩ ክር» አለች። «ስሙን ብቻ ሰምቼ አመንኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ያንኑ ጊዜ እያንዳንዱን ስም ከገዛ ክሩ ጋር አጥብቃ ቋጠረችው፤ ከእንግዲህ አንበሳ ሳይፈቅድ ማንም ስም ከክር ወደ ክር እንዳይዛወር። ከዚያም የሆነውን ሁሉ ለአንበሳ ነገረችው። ድኩላም ግልገሏን ይዛ፣ እውነተኛው አህያ አጠገቧ እየሄደ፣ በሌላ መንገድ ወጣች።

መልካው ላይ ጭጋጉ ከውሃው ጋር ተያይዞ የቱ ወንዝ የቱ ሰማይ እንደሆነ አይለይም ነበር። ጅብ ምራቁን እየዋጠ ቆሟል። ከማዶ አንድ ጥላ ቀረበ።

«ማነህ አንተ?» አለ ጥላው።

ጅብ፣ ድኩላ የላከችው መስሎት፣ «አህያ ነኝ» አለ በለሰለሰ ድምፁ።

«ጥሩ» አለና አንበሳ ከጭጋጉ ወጣ። «ጭነትህ እየጠበቀህ ነው።»

ጅብ አንዴ አህያ ነኝ ብሏልና ቃሉን ሊያጥፍ አልቻለም። የጨው ከረጢቶቹ ጀርባው ላይ ተጫኑ። ገና የመጀመሪያውን ዳገት ሲጀምር ማን እንደመከረው ለፈለፈ፤ ቀበሮም የመጫኛውን ገመድ ይዞ ከኋላው እንዲከተል ተደረገ። ሁለቱ ነጭ ጭጋግ ውስጥ እየሳሱ፣ እየሳሱ ሄዱ። በላያቸው ክሮቹ በቀስታ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ በአንዱ ኤሊ የማር እንስራ ቆጥራ ትናገራለች፣ በሌላው ድኩላ ልጇ እንደተኛ ለአህያ ትነግረዋለች፤ እነሱ ግን ከእግራቸው ኮቴ በቀር አንዳች አይሰሙም።

ከዚህ የምንማረው ብዙዎች አብረው የሚሠሩበት ንግድ ቤት፣ በክርም ይሁን በኮምፒውተር ገመድ ሲገናኝ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን መስመር ሰጥቶ መልእክትን ለባለቤቱ ብቻ የሚያደርስና ስምን ሳያጣራ የማያምን አገናኝ ሲኖረው፣ ሥራውም ሠራተኞቹም በሰላም እንደሚያድሩ ነው።