የፊታውራሪ ጓንጉል አጥር

በጉብዝናዬ ጭሰኛ በነበርኩበት አገር፣ ፊታውራሪ ጓንጉል ክረምት በወጣ ቁጥር የእሾህ አጥራቸውን ያሳድሱ ነበር። እሾሁን ተሸካሚዎች እኛ ነበርን። አጥሩ በታደሰ ቁጥር ወደ ጎረቤታቸው መበለት ጓሮ ገባ ይላል። ለሴትዮዋ የቀራት አንድ መደብ ጎመን ብቻ ነበር።

አንድ ቀን በሽማግሌዎች ፊት አስጠሯት።

«እኔ አጥሬን ገፍቼ አላውቅም። ሐሜቱ እንዲቀር አንቺው ምረጪ፤ እሾህ ይሁን ወይስ የድንጋይ ካብ?»

እሾህ ብትል ጎመኗ ይሄዳል፤ ድንጋይ ብትል የተወሰደው እንደተወሰደ ይቀራል።

«ድንጋይ ይሁን፣ ጌታዬ።»

«መልካም፣ እሾሁ ባለበት ይካባል» አሉ ፈገግ ብለው።

«እርስዎ ካልገፉት እሾሁ በገዛ እግሩ ነው የመጣው። እንግዲህ በእግሩ ወደ ድሮ ቦታው ይመለስና ድንጋዩ እዚያ ይካብ። ድንጋይ እንደሆነ መንገድ አይወድም።»