የምንጩ ጭቃ

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ስሟን ልተወውና፣ ሸኽ ቡሽራ የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። ከመስጊዱ ጎን ባለው ቤታቸው አርባ የምንሆን ደረሶች፣ የሃይማኖት ተማሪዎች፣ እንቀራ ነበር። «እንቀራ» ያልኩት እኔም ስለነበርኩበት ነው። ታሪኩን በሌላ ሰው ስም ላወራው አስቤ ነበር፤ እሱም አሳፈረኝና ተውኩት።

ከተማው ደረሳ ያከብራል። ምሳችንን ቤተሰቦች በየተራ ያመጡልናል፤ የጉልበት ሥራ ሲመጣም «ደረሳ አይነካ፣ ኪታቡን ይቅራ» ይባላል። እኛም ለመድነው። አልሐምዱሊላህ ብለን በልተን ቁጭ ነው።

አንድ ክረምት ጎርፍ መጣና ከተማው የሚጠጣውን፣ መስጊዱም ወዱእ፣ የሶላት ትጥበት፣ የሚያደርግበትን ምንጭ በደለል ደፈነው። ወንዶቹ ሩቅ እርሻ ላይ ነበሩ። ሸኽ ቡሽራ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ፊታችን ቆመው፣ «ልጆቼ፣ ምንጩን ልጠርግ ነው። አብሮኝ የሚወርድ አለ?» አሉ። ማንንም አላዘዙም።

አርባ አንገት ኪታብ ላይ ተደፋ። እኔማ ባስኩ። ሰባት ዓመት የለፋሁበትን ኢጃዛ፣ የማስተማር ፈቃዴን፣ ልቀበል ሦስት ቀን ቀርቶኛል። አባቴም እንግዶች ይዞ ከሩቅ እየመጣ ነው። «ሸኽዬ፣ ወዱእ አለኝ፤ ልብሴም የሶላት ነው፣ ጭቃው ያነጅስብኛል፣ ያረክሰዋል» አልኩ። አዩኝና ወጡ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ መቅራቴን ቀጠልኩ። የምቀራው ደግሞ የጠሃራን፣ የንጽሕናን፣ ምዕራፍ ነበር። ጉድ እኮ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ምንጩን የጠረጉት የሰባ ዓመቱ ሸኽና እትዬ ሩቅያ ናቸው። እትዬ ሩቅያ ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳችንን የሚያመጡ ባልቴት ነበሩ። በዚያ ሳምንትም አላስቀሩብንም፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ይዘው መጡ። እኛም በላን።

በአራተኛው ቀን ኢጃዛዬን ስቀበል ሊያይ የመጣው ሰው መስጊዱን ሞላው። አባቴ ከፊት ተቀምጧል። የሸኽ ቡሽራ መዳፍ ውሃ ቋጥሮ ነበር።

«ሙዘይን፣ የምንጭ ጭቃ ነጃሳ ነው?» አሉኝ።

የጀማሪ ጥያቄ ነው። «አይደለም፣ ጠሃራ ነው» አልኩ።

«ልብስ ቢነካ ሶላት ይከለክላል?»

«አይከለክልም።»

«ወዱእስ ያፈርሳል?»

«አያፈርስም።»

«መልሰሃል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ኢጃዛውን ግን ዛሬ አልሰጥም።»

አባቴ ደነገጠ። «ሸኽዬ፣ ልጄ ምን አጠፋ?» ሲል ሸኽ ቡሽራ አልመለሱለትም። ገመናዬን ሸፈኑልኝ። ይኼ ነው ያልቻልኩት፤ ያልኩትን ሁሉ ራሴ ተናገርኩ። አባቴ አንገቱን ደፋ። ያን አንገት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ መጋረጃ ጀርባ የእትዬ ሩቅያ ድምፅ ተሰማ። «ኧረ ይስጡት ሸኽዬ፣ ልጅ ነው። አትነሱ እያልን ያስለመድናቸው እኛው ነን።» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እኔም አጥፍቻለሁ» አሉ ሸኽ ቡሽራ። «ሰባት ዓመት ስለ ውሃ ሳስተምረው አንድ ቀን ምንጩ ድረስ ይዤው አልወረድኩም። ኢጃዛ ግን ምስክርነት ነው፤ ያላየሁትን አልመሰክርም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ኪታቡን ጨርሰሃል። የቀረህ ምንጩ ነው።»

በማግስቱ በዚያው ነጭ የሶላት ልብሴ ወደ ምንጩ ወረድኩ፤ ክረምቱ ገና ስላላለቀ የሚዛቅ ደለል አልጠፋም። ኢጃዛዬን ያገኘሁት ከዓመት በኋላ ነው። እትዬ ሩቅያ አላዩልኝም። ቀብራቸውን ከቆፈሩት አንዱ ግን እኔ ነኝ፤ ዝናብ ነበር፣ ልብሴንም አልሰበሰብኩም።

ዛሬ ክረምት በመጣ ቁጥር ተማሪዎች ለበጎ ፈቃድ ሥራ ሲጠሩ፣ «ጥናት አለብን» የሚሉ አይጠፉም። ልቆጣቸው እነሳና አፌን እይዛለሁ፤ በምን አፌ? የምላቸው ይህን ብቻ ነው። የሸኽ ቡሽራ ነገር የገባኝ ዘግይቶ ነው። የተማርነው ነገር ለማን እንደሚሆን ኪታቡ ውስጥ ብቻ ተቀምጠን አናውቀውም፤ ወርደን ስናየው ነው። እኔ ኢጃዛዬን አግኝቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። እነዚያ ሦስት ቀናት ግን አልተመለሱልኝም። አንድ ሽማግሌና አንዲት ባልቴት ጎንበስ ብለው ደለል ሲዝቁ፣ እኔ ከላይ ተቀምጬ ስለ ውሃ ጮክ ብዬ እቀራ ነበር።