ጎመን የማይበላው የጎመን ጠባቂ

አንድ ጊዜ፣ ድርቁ ከመክፋቱ የተነሳ እንቁራሪቶች ዋና በረሱበት ዓመት፣ የቆላው አራዊት ሁሉ አንድ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ያሰባሰባቸው የእርጉዞችና የአራሶች ነገር ነበር። ሣሩ አመድ ሆኗል። ያረገዘችው ትወድቃለች፤ የወለደችው ጡቷ ይደርቃል። አህዪትማ ወሯ ገብቶ ሆዷ ከመክበዱ የተነሳ፣ እሷ ቆማ ጥላዋ ተቀምጦ ያቃስት ነበር።

ንጉሡ አንበሳ ጎፈሩን ነቅንቆ፣ «የምተኛባትን የምንጭ ዳር ርጥብ መሬት ሰጥቻለሁ። ጎመንና ዱባ ይተከልባት። የሚበቅለው ግን ለእርጉዝና ለአራስ ብቻ ነው! እናንተስ ምን ታዋጣላችሁ?» አለ።

ዝሆን በኩምቢው ውኃ ሊያመላልስ፣ ከርከሮ በአፍንጫው ሊቆፍር ቃል ገቡ። ጎሽ ፍግ አዋጣለሁ አለ፤ ቀጠሮም አላስፈለገው፣ እዚያው አዋጣ። ቀበሮ ለአጥሩ እሾህ ስትሸከም ጀርባዋ ተላጠ። ጎመኑም በቀለ፤ ቅጠሉ ከመስፋቱ የተነሳ ዝሆን ሲያልፍ በጆሮው ያፍር ጀመር።

ጭቅጭቁ የመጣው ጠባቂ ሲመረጥ ነው።

«እኔ እጠብቃለሁ» አለች ጦጢት።

«አንቺማ ጠብቀሽ ጠብቀሽ አገዳውን ታስረክቢናለሽ!» ብለው ሳቁባት። ከርከሮም ሊናገር ብድግ ሲል በሳቅ አስቀመጡት። ያኔ አያ ጅቦ ከወደ ኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወገኖቼ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ ጎመን ስቀምስ ያየኝ አለ?»

አራዊቱ ተያዩ። እውነቱን ነው! «ጎመን የማይበላ ጎመን ይጠብቅ!» ብለው በአንድ ድምፅ ሾሙት። ያን ያህል ብልህነት አንድ ዋርካ ሥር ተሰብስቦ አያውቅም። ቀበሮ ብቻ ጆሮዋን አከከች።

አህዪት ድርሻዋን ልትቀበል ወደ አጥሩ በር ሄደች። በሩ በእሾህ ተዘግቷል። ጅቦ ከውስጥ ሆኖ፣ «ጎመኑ አልደረሰም፣ እህቴ» አላት።

በማግስቱም መጣች። «አልደረሰም።»

ከዚያ ወዲያም ስትመጣ አጥንቷ እየተቆጠረ፣ ሆዷ ግን እየገፋ ነበር። ጅቦ በእሾሁ መሃል አጮልቆ ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«አያ ጅቦ፣ ስለ ፈጠረህ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ለውስጤ ልጅ አንዲት ቅጠል!»

«ጎመኑማ አልደረሰም» አለና ምራቁን ዋጠ። «ለመሆኑ አንቺስ ደርሰሻል?»

አህዪት አጥሩ ሥር ተዘረረች። ለመነሳት ሞከረች፤ የፊት እግሯ እሺ ሲል የኋላው እምቢ አለ።

ቀበሮ በዚያ ስታልፍ የበሰበሰ ጎመን ሸተታት። ጠጋ ብላ ብታዳምጥ፣ ጅቦ ከውስጥ ያንጎራጉራል፦

«ጎመኑም ይጠውልግ፣ ዱባውም ይበስብስ፤
እናቱ ስትወድቅ ለውርንጭላው ልድረስ።»

ቀበሮ ፀጉሯ ቆመ። ንጉሡ ዘንድ ደርሶ ለመመለስ ጀምበር ይፈጃል፤ አህዪት ደግሞ ምጧ ጀምሯል። እሾሁን ልትነቅል ብትሞክር ራሷ ተሸክማ ያመጣችው አጥር አላላውስ አላት። ወዲያው ፊቷን ወደ ቅርቡ ዋሻ አዙራ በረረች። ሩጫዋ ከመፍጠኑ የተነሳ ጭራዋ ዘግይቶ ነው የደረሰው።

ዋሻው ውስጥ ነብሪት ተኝታለች። ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው። ግልገሎቿ የደረቀ ጡቷን ይዘው ያለቅሳሉ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እመት ነብሪት። የጎመንሽ ድርሻ አልመጣልሽም?»

«ከደረቀ ጡት ጎመንም ይሻላል ብዬ ልኬ ነበር» አለች ነብሪት በደከመ ድምፅ። «አልደረሰም አለኝ።»

«ደርሶ፣ አልፎ፣ በስብሷል። አህዪትም በሩ ላይ ወድቃለች፤ ጅቦ እስክትሞት ይጠብቃል።»

ነብሪት ግልገሎቿን ቀስ አድርጋ ከጡቷ ለየች። ብድግም አለች።

«ትንሽ ቆይተሽ ተከተይኝ» አለች ቀበሮ። «እንግዳ ሳይነገርለት ሲገባ ነውር ነው።»

ተመልሳ በአጥሩ ቀዳዳ ተጣራች። «አያ ጅቦ! አንዲት አራስ ድርሻዋን ልትቀበል እየመጣች ነው።»

«አራስ?» ጅቦ ጆሮው ቆመ። «ደካማ ናት?»

«ጡቷ ደርቋል። ከወለደች ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመሰችም።»

«ብቻዋን ናት?»

«ብቻዋን። ልጆቿን ትታ ነው የምትመጣው።»

ጅቦ በደስታ አእምሮውን ሳተ፤ መጀመሪያም ብዙ አልነበረውም። የማን ወገን አራስ ናት ብሎ አልጠየቀም። «እናቲቱን አሁን፣ ልጆቿን ለእራት፣ አህዪትን ለነገ!» እያለ እሾሁን በገዛ እጁ አነሳ፤ በሩንም ወለል አድርጎ ከፈተ። ከዱባው ኋላ ተጋደመና ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ፤ ሲጎመጅ ልማዱ ነው።

አህዪት በሩ ሥር ታቃስታለች። ቀበሮ ትንፋሿን ዋጠች። ነፋሱም ቆመ። ኮቴ እንኳ አልተሰማም፤ ብቻ አንድ የጎመን ቅጠል ኮሽ አለ።

«ግቢ እህቴ» አለ ጅቦ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ጎመኑ ገና አሁን ደረሰ!»

«እኔም ደረስኩ» አለች ነብሪት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ያየ ሁሉ በየፊናው ነው የሚያወራው። ጅቦ አጥሩን በላዩ ዘለለ የሚሉ አሉ፤ በመሃሉ ነው የወጣው የሚሉም አሉ። እሾሁ ላይ የቀረው ፀጉር ግን ለአንድ ሌላ ጅብ ይበቃ ነበር። ጩኸቱን የሰማ ሦስት ወንዝ ማዶ ያለ ጅብ ስሙን ቀየረ ይባላል።

ቀበሮ ያልበሰበሰ ጎመን መርጣ አህዪት አፍ ውስጥ ከተተች። አህዪት ማኘክ አቃታት። ቀበሮ ራሷ አላምጣ፣ ፊቷን አጨማዳ፣ አጎረሰቻት። በስንት መከራ አንዱ ጆሮዋ ቆመ፤ ቆይቶ ሁለተኛው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አህዪት አንዴ አናፋችና ውርንጭላዋ ጎመኑ መሃል ዱብ አለ። ነብሪትም ሆዷ እስኪነፋ ዱባ በላች፤ የነብር ወግ አይደለም ብሎ ሊነግራት የደፈረ ግን አልነበረም።

ንጉሡ ነገሩን ሲሰማ አራዊቱን እንደገና ሰበሰበ። «እንግዲህ ማን ይጠብቅ? አሞራስ? እሱም ጎመን አይበላም።»

አህዪት ውርንጭላዋን በጉያዋ ይዛ ተነሳች። «ንጉሥ ሆይ፣ ጎመኑን ይበላ እንደሆነ ጠይቃችሁ ሾማችሁ። እኛን ይበላ እንደሆነ ግን የጠየቀልን አልነበረም።»

 ቀና ብሎ የሚያያት ጠፋ። በመጨረሻ ንጉሡ ራሱ ተነስቶ በሩን ለእናቶቹ አስረከበ፤ ዝሆንም ሳይታዘዝ ውኃውን ሊቀዳ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው ለእርጉዝና ለአራስ ማዋጣት ብቻውን እንደማይበቃና፣ መዋጮውን የሚይዘው ሰው የማይበላውን ሲነግረን የሚበላውንም ልንጠይቀው እንደሚገባ ነው።