የታጠበው ሞተር

አንድ ሞተረኛ ነበር። አድማሱ ይባላል። ሥራው ከቆላው ከተማ ክትባት ጭኖ ተራራው አናት ላይ ወዳለው ጤና ኬላ ማድረስ ነው። በየማክሰኞው። መንገዱ ሠላሳ ሁለት ጠመዝማዛ አለው፤ አቧራው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ክትባቱ የሚጓዘው በረዶ በታጨቀበት ሣጥን ውስጥ ነው። በረዶው እስከ ቀትር ይቆያል። ከቀለጠ ክትባቱ ይበላሻል፤ ሕፃን አዝለው የሚጠብቁት የተራራው እናቶችም እንደመጡ ይመለሳሉ። አድማሱ ስድስት ዓመት ሙሉ በረዶው ሳይቀልጥ ደርሷል።

ከዕለታት አንድ ማክሰኞ ግን፣ አሥራ ዘጠነኛው ጠመዝማዛ ላይ ሙቀት የሚጠቁመው ቀይ መብራት በራ። ሞተሩ ፈላ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የራዲያተሩ ውሃ አልቋል። አድማሱ መጠባበቂያ ውሃ ይዟል፤ ነገር ግን የፈላ ራዲያተር እስኪበርድ አይከፈትም፤ የቸኮለ ፊቱን ይቀቀላል። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ሞተሩ ሲበርድ በረዶው ቀልጦ ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞም ያው ሆነ። ቦታው እንኳ አልተለወጠም።

የጤና ቢሮው ኃላፊ ጠራው። ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

«አድማሱ፣ ሁለት ጊዜ ክትባት ደፋን። ሦስተኛ አንደፋም። የፊታችን ማክሰኞ ካልደረስክ ተራራውን ክትባት ከሚደርስባቸው ቦታዎች ዝርዝር አወጣዋለሁ።»

«እናቶቹስ?»

«ይውረዱ።»

መውረድ በእግር ስድስት ሰዓት ነው። ከአራስ ልጅ ጋር። አድማሱ መንገዱን ያውቀዋል። የማይወርዱትንም እናቶች ያውቃቸዋል።

ወደ ጋራዥ ሄደ። ግን እንዲያው በቀጥታ አልሄደም። በአገሩ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ገላውን ታጥቦ፣ የክት ልብሱን ለብሶ ነው፤ ሐኪም ፊት አድፎ መቅረብ ነውር ነው። አድማሱም ሞተሩን ወንዝ ወስዶ በሳሙና አጠበው። ጎማውን፣ ሆዱን፣ በብረቱ መሃል ያለውን ስርጓጉጥ ሁሉ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተገው። ሞተሩ አብረቀረቀ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሰዎች ተገረሙ። «እንዳንተ ያለ ንጹሕ ደንበኛ ቢበዛልን» አሉና የራዲያተሩን ክዳን ቀየሩለት። አቀበት ወጥቶ ሞከረው፤ ውሃው ጎደለ። አጥቦ ወደ ሁለተኛው ወሰደው። ሁለተኛው ራዲያተሩን ራሱን ቀየረ። ውሃው ጎደለ። አጥቦ ወደ ሦስተኛው። ሦስተኛው መካኒክ ሞተሩን አስነሥቶ ከሥሩ ካርቶን አነጠፈና አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ካርቶኑ ላይ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም።

«ሞተርህ ጤነኛ ነው» አለው እጁን እየጠረገ። «ይልቅ ውሃውን ማን እንደሚጠጣብህ ቤትህ ሂድና ጠይቅ።»

ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። አድማሱም አብሮ ሳቀ። ሆዱ ግን አልሳቀም። ዕለቱ ሰኞ ነበር።

በከተማው ወዲያኛው ዳር፣ ከገበያው ባሻገር፣ ጋሽ ኑረዲን የሚባሉ አሮጌ መካኒክ አሉ። ጋራዣቸው የአንድ ዛፍ ጥላና አንድ የመፍቻ ሣጥን ነው። አድማሱ እሳቸውም ዘንድ ከመሄዱ በፊት አጠበ። ጋሽ ኑረዲን ከበርጩማቸው ሳይነሡ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሙሽራዋ የት አለች?»

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ለሰርግ ያጠብከው መስሎኝ ነው።»

«ኧረ ለእርስዎ ነው። አክብሬዎት ነው።»

«ሌሎቹም ዘንድ እንዲሁ አጥበህ ነው የወሰድከው?»

«ሦስቴ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛን አከበርክና የበሽታውን ዱካ አጠፋኸው። ሌባ የገባበትን ቤት ጠርጎ ወልውሎ ፖሊስ የሚጠራ ሰው አለ? በል ተነሥ። እስከ አሥራ አምስተኛው ጠመዝማዛ ወጥተህ ተመለስ። አቧራውን ይጠጣ። ስትመለስ ጨርቅ እንዳታስነካው።»

«በገበያው መሃል እኮ ነው የማልፈው ጋሼ።»

«እሰየው። ገበያው ይይህ።»

አድማሱ ወጣ። አቧራውን እንደ ጎርፍ ሰነጠቀው። ሲመለስ እሱም ሞተሩም አንድ መልክ ነበራቸው። ሁልጊዜ ከተማ ሳይገባ ወንዝ ላይ ይታጠብ ነበርና፣ በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሆኖ ያየው ሰው የለም።

«አንተ አድማሱ፣ ወፍጮ ቤት ተቀጠርክ እንዴ?» አለው አንድ ጫማ ሻጭ።

«ተወው እባክህ፣ ሚስቱ አባርራው ነው» አለች ቲማቲም የምትሸጥ ሴት።

የአድማሱ እጅ ወደ ኪሱ፣ ወደ መሐረቡ ሄደ። አየር ላይ ቆመ። ባዶውን ተመለሰ።

ጋሽ ኑረዲን ሞተሩን አልነኩትም። ዙሪያውን ዞሩና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «ና፣ ተንበርከክ» አሉት። «እኔ አላሳይህም። ስድስት ዓመት አብረኸው የዋልከው አንተ ነህ።»

አድማሱ ተንበረከከ። መጀመሪያ አቧራ ብቻ አየ። ሁሉም ግራጫ። ሁሉም ደረቅ። ቆየ። ከዚያ ጭስ ማውጫው አጠገብ አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው። ቡናማ መስመር። ከክር የማይወፍር። እዚያ ላይ አቧራው አቧራ አልነበረም፤ ጭቃ ሆኖ ደርቋል።

«ይኸ ምንድነው...»

«ዝም በልና ተከተለው። ወደሚሄድበት አይደለም። ወደመጣበት።»

በጣቱ ተከተለው። መስመሩ ከጋለው ጭስ ማውጫ ተነሥቶ ወደ ፊት፣ ወደ ላይ፣ በነዳጅ ጋኑ ሥር ገባ። አድማሱ አንገቱን አጣሞ አጮለቀ። የውሃውን ቱቦ ብረት ማሰሪያው ነክሶ የያዘበት ቦታ ላይ ጭቃው ገና እርጥብ ነበር። ጣቱን አሳረፈበት። የጥፍሩ ጫፍ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ስንጥቅ።

ነገሩ ባንዴ ተገለጠለት። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ስንጥቋ ትዘጋለች። አቀበት ሲጎትት፣ የውሃው ግፊት ሲበረታ ትከፈታለች። የምታፈሰውን ነፋስ ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ የጋለ ብረት ያደርቀዋል። መሬት የሚደርስ ጠብታ የለም። ዱካዋ የሚቀረው አቧራ ላይ ብቻ ነው። ያንን አቧራ ደግሞ አድማሱ በገዛ እጁ፣ በሳሙና፣ በጥርስ ብሩሽ ሲያጥበው ከርሟል።

«አገኘኋት» አለ።

«አዎ፣ አገኘሃት» አሉ ጋሽ ኑረዲን። የተሰነጠቀውን የቱቦ ጫፍ ቆርጠው ጣሉት፤ የቀረውን ስበው በአዲስ ማሰሪያ አጥብቀው አሰሩት። የታዘዘ ሻይ እስኪመጣ ያህል እንኳ አልፈጀባቸውም።

ማክሰኞ። አሥረኛው ጠመዝማዛ። አሥራ አምስተኛው። አሥራ ዘጠነኛው ላይ አድማሱ ዓይኑን ቀዩ መብራት ላይ ተከለ። መብራቱ አልበራም። ሃያኛው ላይ መዝፈን ጀመረ፤ ድምፁ ለዘፈን የሚሆን አይደለም፣ ግን ሰሚም አልነበረም። ሠላሳ ሁለተኛውን ሲዞር እናቶቹ ቆመው እየጠበቁ ነበር። አንዷ እልል አለች። ሌሎቹ ተቀበሏት። ነርሷ ሣጥኑን ከፍታ እጇን ሰደደች። በረዶው ተንኮሻኮሸ።

«ደርሷል» አለች። ጥቂት ቆይቶ የመጀመሪያው ሕፃን መርፌው ሲያርፍበት ጮኸ። ገደሉ አስተጋባ። አድማሱ በዕድሜው እንዲህ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቶ አያውቅም።

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ ይህን ያስብ። ውሃውን ያፈሰሰችው ስንጥቋ ናት፤ አድማሱን ሊጥለው የነበረው ግን ንጽሕናው ነው። እኛም ሊረዳን ወደሚችል ሰው የምንሄደው ተጣጥበን፣ ቃላችንን አሳምረን ነው። ሐኪም ሲጠይቀን «ደህና ነኝ» እንላለን። ለንስሐ አባታችን ቀላሉን ኃጢአት መርጠን እንናገራለን። ለትዳር ጓደኛችን የደረቀውን እንጂ እርጥቡን አናሳይም። ከዚያ ዞረን «ማንም መፍትሔ አላገኘልኝም» ብለን እናማርራለን። ያማረብንን ብቻ አይቶ ያደነቀን ሰው እኛን ራሳችንን ገና አላየንም። ማክበር መልካም ነው፤ መድኃኒት ያለው ሰው ፊት እንዳደፉ መቆም ግን ከማክበር ይበልጣል። ማመን ነውና።

እናንተስ? ሰው ሳያየው ቶሎ ብላችሁ የምታጥቡት ቦታ የቱ ነው?