ከጀርባዋ ሥር ያለው እጅ

«አንድ ሰው ነበረ፤ በሐይቅ ዳር ከተማ ስፖርት የሚያስተምር።»

ጋሽ ይፍሩ እንዲህ ብለው ጀመሩ። አጠገባቸው አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ወጣት የጠየቃቸው ግን ስለ ስፖርት አልነበረም። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል። የስድስት ዓመት ልጁ ለቅሶው እስኪያልፍ አክስቷ ቤት ተቀመጠች። ስትመለስ «እማዬ አረብ አገር ሄዳለች፣ ትመጣለች» አላት። ዘመድ ጎረቤቱም እንዲህ ይባል ብሎ ተስማማ። ባለፈው ሳምንት የልጅቷ ጥርስ ወለቀ። ጣራ ላይ ወርውሪው ሲላት እምቢ አለች። «እማዬ ስትመጣ አብረን እንወረውረዋለን» ብላ የክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጠችው።

ጋሽ ይፍሩ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው። በሰፈሩ መርዶ ሲኖር የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ወጣቱም ለዚህ መጣ። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገራት ወይስ እስክታድግ ልጠብቅ?» አላቸው።

እሳቸው ንገራት ወይም ጠብቅ አላሉትም። ታሪኩን ቀጠሉ።

ያ አስተማሪ የሚኖርባት ከተማ ሐይቅ ዳር ተቀምጣ ዋና የማታውቅ ከተማ ነበረች። ዓሣውን ትበላለች፣ ልብሷን ታጥብበታለች፣ ውሃውን ግን ትፈራዋለች። ብትፈራም አይፈረድባትም። በየክረምቱ ሐይቁ አንድ ልጅ ይወስድ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» እያሉ ያስጠነቅቋቸዋል። ልጆቹም እሺ ይሉና ተደብቀው ይሄዳሉ።

አስተማሪው ቤት ለቤት ዞረ። «መሄዳቸው ካልቀረ ተምረው ይሂዱ» አለ። አንዳንዱ በሩን ዘጋበት፤ አንዳንዱ ልጁን ሰጠው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሐይቁ ውስጥ እስከ ወገቡ ይቆማል። በሁለት እንጨት መካከል ገመድ ወጥሯል፤ ከገመዱ ወዲያ ማለፍ የለም። የሥራ ጓደኞቹ ያሾፉበት ነበር። የሒሳቡ አስተማሪ «ዓሣ ዓሣ ትሸታለህ፤ ሰኞ ሰኞ አንተ አጠገብ ከተቀመጥኩ ቤቴ ድረስ ድመት ይከተለኛል» ይለው ነበር።

ዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ ጀልባቸው ላይ ሆነው «ቲቸር፣ ዛሬ ስንት ያዝክ?» ይሉታል።

«አሥራ አራት ይዤ አሥራ አራቱንም ለቀቅኩ።»

«እንዲህ ከሆነማ ቤትህ ጦሙን ማደሩ ነው።»

ይስቃሉ፤ እሱም ይስቃል።

ዘዴው አንድ ነበረ። ልጁን ውሃው ላይ በጀርባው ያስተኛዋል። መዳፉን ከጀርባው ሥር ያደርጋል። «ሰማይ ሰማዩን እይ፤ ይዤሃለሁ» ይለዋል። የፈራ ልጅ እንደ እንጨት ነው፣ ይደርቃል። እየቆየ ሲሄድ ሰውነቱ ይላላል። ያን ጊዜ አስተማሪው እጁን ቀስ አድርጎ ይስባል። አፉ ግን «ይዤሃለሁ፣ ይዤሃለሁ» ማለቱን አይተውም። እጁ ከውሃው በታች ነውና ዳር ያሉት አያዩትም። ልጁም መቼ እንደተለቀቀ ሳያውቅ መንሳፈፍ ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ዋና ቀላል ነው።

አስተማሪውን ውሸታም ብትለው ይቀየምህ ነበር። ይህን እንደ ውሸት አልቆጠረውም። ያታለልኩት ልጁን አይደለም፣ ፍርሃቱን ነው ይል ነበር። ፍርሃትን ያታለለ ሰው ደግሞ ማን ይከሰዋል?

አንድ ቅዳሜ አንዲት ልጅ መጣች። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ባለፈው ክረምት ሐይቁ የወሰደው ወንድሟን ነበር። እናቷ ራሷ እጇን ይዛ አመጣቻትና «ሁለተኛዋንም እንዳይወስድብኝ አስተምርልኝ» አለችው።

ልጅቷ ውሃው ሲነካት አንገቱ ላይ ተጣበቀች። ያን ቅዳሜ አላስተኛትም። በሁለተኛውም አላስተኛትም። በሦስተኛው ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ አስደግፋ ተኛችለት።

«ቲቸር፣ ይዘውኛል?»

«ይዤሻለሁ።»

«ወንድሜንም እኮ ጓደኞቹ ይዘንሃል ብለውት ነው።»

«እኔ ጓደኛ አይደለሁም፣ አስተማሪ ነኝ። ሰማይ ሰማዩን እይ።»

ሰውነቷ ላላ። እሱም እንደ ልማዱ እጁን ሳበ፤ እንደ ልማዱም «ይዤሻለሁ» አለ። ልጅቷ ተንሳፈፈች። ሁለት ሦስት ጊዜ ተነፈሰች። ከዚያ በአሥራ አንድ ዓመት ማንም ያላደረገውን አደረገች። እጇን ከጀርባዋ ሥር ሰድዳ መዳፉን ፈለገች። ያገኘችው ውሃ ነው።

«እጃቸው የለም!» ብላ ሰጠመች።

ወዲያው ብድግ አደረጋት። ትንሽ ውሃ ዋጠች እንጂ ክፉ አላገኛትም። ደረቱ ላይ እቅፍ አድርጎ «አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ» አላት። አሁን በእውነት ይዟታል፣ በሁለት ክንዱ። እሷ ግን እቅፉ ውስጥ ሆና ትንፈራገጣለች። የያዟትን እጆች በዓይኗ እያየች አላመነቻቸውም። እናቷ ውሃው ውስጥ በጫማዋ ገብታ ልጇን ተቀበለችው።

ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ይህን ሁሉ ሰምተዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጀመሪያው ልጅ ገና እንደተኛ እጁን ወደ ሥር ሰደደ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ውሃ ላይ የተኛ ሰው ከሥሩ እጅ ሲፈልግ ሰውነቱ ይጣመማል፤ የተጣመመ ደግሞ አይንሳፈፍም። በእውነት ይዟቸው ሳለ እንኳ ይንፈራገጣሉ። በዚያ ቀን አንድም ልጅ አልተንሳፈፈም።

«ቲቸር፣ ዛሬ ስንት ያዝክ?» አለ አንዱ ዓሣ አጥማጅ።

«አንድም» አለ። ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተና ወደ ቤቱ ሄደ።

ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እነዚያ ልጆች ተማሩም አልተማሩ ሐይቁ እንደሚወርዱ ያውቃል። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ብልሃት ፈለገ። ባዶ ጀሪካን ላስታቅፋቸው፣ ጀሪካኑን ደግሞ ቀስ ብዬ ልውሰድባቸው ብሎ አሰበ። ይህም ያው ማታለል እንደሆነ ገባው። ያችን ልጅ ሲያስባት ደግሞ መዳፉ ላይ ክብደቷ ይመጣበታል። እንዳመነችው መዳፉ ያውቃል።

ቅዳሜ ልጆቹን ዳር ላይ ሰበሰበ። እናትየውም ልጇን ይዛ መጥታለች፤ ከእንግዲህ አንመጣም ልትለው ነው።

«ዋሽቻችኋለሁ» አላቸው። «ይዣችኋለሁ እያልኩ እጄ አልነበረም። ከእናንተ በፊት የተማሩትንም እንዲሁ ዋሽቻቸዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስይዝ ይዣለሁ እላለሁ። ስለቅ ለቅቄያለሁ እላለሁ። ብለቅም ከአጠገባችሁ ንቅንቅ አልልም።»

ዋና የሚችል አንድ ልጅ «እኔንም ዋሽተውኛል?» አለው።

«አንተንም።»

ልጁ አሰብ አደረገና «ታዲያ ብቻዬን ነበራ የተንሳፈፍኩት» አለ። ደስ ይበለው ይከፋው ሳያውቅ ቀረ።

ትንሿ ልጅ የእናቷን ቀሚስ እንደያዘች «ሲለቁኝ ይነግሩኛል?» አለች።

«እነግርሻለሁ።»

«ባለቅስም?»

«ብታለቅሺም እነግርሻለሁ።»

ቀሚሱን ለቀቀች። ውሃው ውስጥ ገብተው አስተኛት፤ «ይዤሻለሁ» አላት። ለረጅም ጊዜ ያዛት። ዓሣ አጥማጆቹም ያን ቀን አልቀለዱም። ከዚያ እናትየው እየሰማች «አሁን ለቅቄሻለሁ። እዚህ ነኝ» አለ።

ልጅቷ አለቀሰች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። እጇን ግን ወደ ሥር አልሰደደችም። እጁ እንደሌለ ተነግሯታል፤ የለም የተባለን እጅ ማን ይፈልጋል? እያለቀሰች ተንሳፈፈች። ለቅቄሻለሁ ብሏታልና እዚህ ነኝ ያላትንም አመነችው።

ጋሽ ይፍሩ እዚህ ሲደርሱ ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«ስንት መርዶ ተናግሬአለሁ። ለትልቅ ሰው ሲሆን ማለዳ ተሰብስበን እንሄዳለን፤ ነግረን ግራና ቀኝ እንይዘዋለን። ለልጅ ሲሆን ግን ዝም እንላለን። ዝምታችንንም ርኅራኄ ብለን እንጠራዋለን። እኔም ስንት ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ። አንተም ልጅህን በጀርባዋ አስተኝተህ ‹እማዬ ትመጣለች› ትላታለህ። ከሥሯ ያለው እጅ ግን ከሄደ ሁለት ወሩ። ክፉ ሆነህ አይደለም፤ ያም ሰው ክፉ አልነበረም። ግን ያች ጥርስ ምን መሰለችህ? ልጅህ እጇን ወደ ሥር እየሰደደች ነው። ዛሬ ባይሆን ነገ ውሃውን ታገኘዋለች፤ ከጎረቤት ልጅ አፍ ትሰማዋለች። ያን ቀን ‹እኔ አለሁልሽ› ብትላት እውነትህን ነው፤ እሷ ግን አታምንህም።»

«ብታለቅስስ ጋሼ?» አለ ወጣቱ።

«ታለቅሳለች። ያችስ አላለቀሰችም? አንተ ብቻ ከአጠገቧ ንቅንቅ አትበል። ለቅሶዋ ሲወጣላት የክብሪት ቀፎውን አምጪ በላት፤ ጥርሱን ሁለታችሁ ወርውሩት። ጣራው ከራቃት ብድግ አድርጋትና ‹ይዤሻለሁ› በላት። ያን ጊዜ ‹አለ ወይስ የለም› ብላ እጅህን ከሥሯ አትፈልግም።»