ለሁለት እኅትማማቾች አንድ ሹራብ

ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ታሪኩ ሰንሰለት ነው፤ አንዱን ቀለበት ያልሰማ ሌላውን አይይዝም።

ደብሪቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ፍላጎቷ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የሚጀመረውን የአማርኛ ፈተና መፈተን። ዘበኛው ጋሽ ድንበሩ በበሩ ላይ አቆሟት።

«የደንብ ልብስሽ የታለ?»

«ሹራቡ እኅቴ ጋ ነው፣ ጋሼ። ለሁለት አንድ ነው ያለን።»

«ሕግ ነው። ሂጂና ለብሰሽ ነይ።»

ያለ ሹራብ በሩ አይከፈት፤ ሰዓቱም አይቆም።

ወደ ቦኖው ሮጠች። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠችው እኅቷ የሺመቤት ጄሪካን ይዛ ተሰልፋለች።

«የሺዬ፣ ሹራቡን አውልቂልኝ!»

«እዚህ ሰው መሀል? ከሥሩ ያለው ቀሚስ ጀርባ የለውም እኮ። ቤት ስገባ አወልቅልሻለሁ። ሳልቀዳ ግን ሰልፌን አልለቅም፤ እማዬ ታማ በተኛችበት ከትናንት ጀምሮ ጠብታ ውሃ የላትም።»

ጄሪካኑ አይሞላ፣ እኅቷ አትሄድ፣ ሹራቡ አይወልቅ፣ በሩ አይከፈት፤ ሰዓቱም አይቆም።

የቦኖውን ጠባቂ ለመነች። «እትዬ ሸጊቱ፣ ይክፈቱልን።»

«ይኸው ጠዋት ወረቀት መጣብኝ። ባለፈው ሳይነበብልኝ ከፍቼ አንድ ወር ታገድኩ። የቀበሌው ጸሐፊ ያንብብልኝ።»

ወረቀቱ አይነበብ፣ ቦኖው አይከፈት፣ ጄሪካኑ አይሞላ፣ እኅቷ አትሄድ፣ ሹራቡ አይወልቅ፣ በሩ አይከፈት፤ ሰዓቱም አይቆም።

ወደ ቀበሌው ሮጠች። ጸሐፊው አቶ ልሳነወርቅ በአዳራሹ መስኮት ብቅ አሉ። «ስብሰባ ላይ ነኝ። ሊቀ መንበሩ እስኪመጡ እየጠበቅን ነው።»

«የት ናቸው?»

«ቤታቸው። ፊታቸውን ሳይታጠቡ አይወጡም፤ ውሃ ደግሞ የለም።»

ውሃው አይመጣ፣ ሊቀ መንበሩ አይወጡ፣ ስብሰባው አይጀመር፣ ጸሐፊው አይነሡ፣ ወረቀቱ አይነበብ፣ ቦኖው አይከፈት፣ ጄሪካኑ አይሞላ፣ እኅቷ አትሄድ፣ ሹራቡ አይወልቅ፣ በሩ አይከፈት፤ ሰዓቱም አይቆም።

ደብሪቱ እያለከለከች ወደ ቦኖው ተመለሰችና እጇን ዘረጋች። «እኔ ላንብበው።»

ሰልፈኛው ሳቀ። «አንቺ ደግሞ በየትኛው ሥልጣን?» አሉ እትዬ ሸጊቱ።

«በስምንተኛ ክፍል!»

ወረቀቱን ነጥቃ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ቦኖው ከዛሬ ንጋት ጀምሮ ክፍት ይሁን።»

አሁን የሳቀ አልነበረም።

ወረቀቱ ተነበበ፣ ቦኖው ተከፈተ፣ ተራው እንደ ምንም ደረሰ፣ ጄሪካኑ ሞላ፣ እኅቷ ሄደች፣ ሹራቡ ወለቀ፣ በሩም ተከፈተ። ሰዓቱ ግን አልቆመም ነበር።

«ግቢ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ድንበሩ ዓይናቸውን ሰብረው፤ «ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።»

ገባች፤ ከሃምሳው ጥያቄ አሥራ ሰባቱን እንደሠራች ደወሉ ተደወለ።

ነገ የሒሳብ ፈተና ነው። ጄሪካኑ እስከ ነገ ባዶ ይሆናል፤ ሹራቡም ያው አንድ ነው።