ጨቅላውን የለካው ዳኛ

ተረት አለኝ፣ ጆሮ አውሱኝ። ነገር የተበላሸው ሸርጣን ዳኛ ሆኖ በተሰየመበት ማክሰኞ ነው። ሸርጣንና ቀንድ አውጣዎች በሚኖሩበት፣ የባሕር ውሃ በሞላበት ትንሽ የመስታወት ቤት ለአንድ ዓሣ ብቻ ቦታ ነበረ። አጠገቡ ባለው ባልዲ ግን ሁለት ዓሦች ይጠብቁ ነበር፤ አመድማው አመዶና ወርቃማው ወርቄ።

ሸርጣን ሁለቱንም በመቆንጠጫው ለካቸው። ወርቄ አጠረ።

“ቤታችን ጠባብ ነው፤ አጭሩ ይግባ” ሲል ፈረደ።

“አያ ሸርጣን፣ እኔ እኮ አድጌ ጨርሻለሁ፤ ይሄ ገና ጨቅላ ነው” አለ አመዶ። “ልጁን ከመለካት በፊት እናቱን ማየት ነው። የእናቱ ጅራት ብቻውን እንኳ እዚህ ቤት አይገባም!”

“አዋቂ ነኝ ባይ! ደግሞ ዳኛ ልታስተምር?” አለው ሸርጣን። ቀንድ አውጣዎቹ ከት ብለው ሳቁ። ያ ሳቅ ከአመዶ ጆሮ አልወጣም።

ክረምቱ ሲያልፍ ወርቄ አድጎ ከግድግዳ ግድግዳ ደረሰ። በዞረ ቁጥር ቀንድ አውጣዎቹን ከድንጋያቸው ይጠርጋቸዋል፤ የሸርጣንንም አንድ እግር ቀርጥፎ በላ።

ሸርጣን እያነከሰ ወደ ጠርዙ ወጣ። “አመዶ ወንድሜ፣ እሱን እናስወጣውና አንተ ግባ። ያለፈው አልፏል።”

“ለአንተ አልፎ ይሆናል፤ ለእኔ አላለፈም” አለ አመዶ፣ ከባልዲው ሳይነቃነቅ። “በሰው ፊት አዋርደኸኛል፤ አሁንም በሰው ፊት፣ እነዚያ የሳቁት እየሰሙ፣ ጮክ ብለህ ተናገር። የዚያን ቀን እውነት የያዘው ማን ነበር? ቤቱን ተወውና መልስልኝ!”